ለሰናይት ያቆየነው መርዶ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ሽኝት አዘጋጅቶልኝ ነበር። ለስላሳ ተከፈተ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ ለበስኩ። አዲሱ ኃላፊ ተነሥቶ፣ «ወይዘሮ አማረች ስደተኞችንና ተፈናቃዮችን በመቀበል ረገድ ያካበቱትን ልምድ ለወጣት ባለሙያዎቻችን ቢያካፍሉልን» አለ። እኔም ተነሣሁና እግዚአብሔርን አመስግኜ፣ ባልደረቦቼን አመስግኜ ተቀመጥኩ። በጣም አጨበጨቡልኝ። ልምዴን የምር ባካፍላቸው ኖሮ ኬኩን የሚቀምስ ሰው አይገኝም ነበር። ያን ቀን ያልተናገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ተወልጄ ያደግኩት ወላይታ ነው። ሀዋሳ የመጣሁት ገና ሳላገባ ነው፤ ከተማዋም ያኔ እንደ እኔው ቀጭን ነበረች። መጀመሪያ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ሰው ቀና ብሎ ካየ ሥራ የሚጨምርበት የሚመስለው ዓይነት ነበር፤ አንድም ቀን ዓይኔን አይቶ አያውቅም። ቀጥሎ አሞራ ገደል አካባቢ ተዛወርኩ። የዓሣው ሽታ በመስኮት ይገባል፤ አስጋሪዎቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ ይመጡና ቅርፊት የተለጠፈበት ማመልከቻ ያስረክቡኛል። ሳስበው የሥራ ዘመኔ ደስተኛው ወቅት ያ ነበር። ደመወዙን አላነሳውም፤ እሱም እኔን አንስቶኝ አያውቅም።

ከዚያ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ አንድ ቀበሌ፣ ማኅበራዊ ጉዳይ ተመደብኩ። ጋሽ ማቴዎስን ያገኘሁት እዚያ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡ ሰው። ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። ቢሯችን ውስጥ ዝምታ ከሰፈነ የሆነ ሰው ጉድ ፈልቶበታል ማለት ነው።

የእኛን ሥራ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ስደተኛ ከተማ ውስጥ እንዲኖር የሚፈቅዱት ከላይ ያሉት ናቸው። ካርዱን ይሰጡታል፣ «ይኑር» ይላሉ፣ በቃ። የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር ግቢ እንደሚጋራ፣ ውኃ ከየትኛው ቧንቧ እንደሚቀዳ፣ ልጁ ቢታመም ማን እንደሚሸከምለት ግን የቀበሌ ነገር ነው። አከራዩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ» ይሉታል። ቀበሌ ደግሞ በልማዱ «መሸኛህን አምጣ» ይላል። ሸሽቶ የመጣን ሰው ማን ይሸኘዋል? ጋሽ ማቴዎስ ይህን ጥያቄ ለስንት አለቃ እንዳቀረቡት እኔ ነኝ የማውቀው። መልስ ስላላገኙ የራሳቸውን መንገድ ያዙ።

መንገዳቸው በእግር ነበር። አዲስ የመጣ ስደተኛ ሲኖር ወደ ማታ ላይ፣ ሰው ከሥራ ተመልሶ ደጁ ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ አብረውት ወደ ሰፈሩ ይሄዳሉ። ባጃጅ አይሳፈሩም። እያንዳንዱ ሱቅ ጋ ይቆማሉ፤ ሳሙናም ክብሪትም ስደተኛው ራሱ እንዲገዛ ያደርጋሉ፣ ባለሱቁ ፊቱንም ድምፁንም እንዲለምድ። በሲዳምኛ የሚያወሩትን በሲዳምኛ፣ በአማርኛ የሚያወሩትን በአማርኛ ሰላም ይላሉ። «ስደተኛ» የሚለው ቃል ግን በሁለቱም ቋንቋ ከአፋቸው አይወጣም። «ጎረቤት አመጣሁላችሁ» ነው የሚሉት። ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው ይሄዱና አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ሌሊት ቢያምሽ የማንን በር ታንኳኪያለሽ?» የተጠየቀችው ሴት ካሰበች ገና ናት። ሳታስብ ስም ከጠራች፣ «በቃ፣ ገብታለች» ይሉኛል።

ቤት መፈለግ የእኔ ድርሻ ነበር። ከጋሽ ማቴዎስ የተማርኩት ብዙ ነው። ባለቤቱ የማይኖርበት ግቢ አይሆንም። የተለየ በር ያለው ቤት፣ ምንም ቢያምር፣ አይሆንም። ቧንቧው መሐል ግቢ ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ ሰው ሳይፈልግ ይገናኛልና። አከራይዋ ደግሞ ዝምተኛ መሆን የለባትም። ጨዋ፣ ቁጥብ፣ በሰው ነገር የማትገባ የሚሏት ሴት ለተከራይ ጥሩ ናት፤ ለስደተኛ ግን አትሆንም። ለስደተኛ ወሬኛ ነው የሚሻለው። እኔ የሰፈሩን ወሬኞች በሙሉ በስም አውቃቸው ነበር።

ከእነሱ ሁሉ አንደኛዋ ወይዘሮ ጥሩነሽ ነበረች። ከምባታ ናት፤ አትክልት ትነግዳለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ከግቢዋ ሁለት ክፍል ታከራይ ነበር። ሰናይትና ባሏ ሀብቶም ከኤርትራ ተሰደው ሀዋሳ ሲመጡ እሷ ግቢ አስገባኋቸው። ሀብቶም ሴራሚክ ያነጥፋል። ሰናይት ሹሩባ ትሠራለች። ትንሽ ቆይቶ የሰፈሩ ሴት ራስ በሙሉ በሰናይት እጅ ገባ፤ የእኔም ጭምር። ጣቷ ቀጭን ነው፣ አያምም። ስትሠራ ትግርኛ ታንጎራጉራለች፤ ጥሩነሽ ደግሞ ቃሉን ሳታውቀው አብራት ታንጎራጉራለች። የእድሩ ዳኛ ሐጂ ከድር፣ ባለሱቁ፣ «የቀበሌውን ወረቀት ስታገኝ ታመጣዋለች» ብለው አባል አደረጓት። ጋሽ ማቴዎስ ጥያቄያቸውን ሲጠይቋት ሰናይት፣ «የእትዬ ጥሩነሽን፤ እንዲያውም አላንኳኳም፣ እጠራታለሁ እንጂ» አለች።

ሰናይት አርግዛ ወራት እንዳስቆጠረች ሀብቶም ሄደ። በሱዳን አድርጎ ባሕሩን ሊሻገር ነው። ማንንም አልተሰናበተም። ለእሷ ብቻ፣ «ስትወልጂ እደውላለሁ፣ ከዚያ እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር። የግቢው ሴቶች ይቀልዱባት ጀመር። «ያ ባልሽ ፈረንጅ አገር ገብቶ ቋንቋችን ጠፍቶበት ይሆናል» ይሏታል። ትስቃለች። «ሴራሚክ ሲያነጥፍ ራሱን ሳይለጥፍ አልቀረም!» ትላቸዋለች።

አንድ ቀን ጥሩነሽ ቢሮ መጣችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ዝም አለች። ያቺ ሴት ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ነው። ኋላ፣ «ሀብቶም በረሃ ላይ ሞቷል» አለች። ወሬውን ያመጣው ዮናስ ነበር፤ አገሩ ከሀብቶም ጋር አንድ የሆነ፣ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ። አብሮት የነበረ ሰው ደውሎለት ቀብረነዋል ብሎታል። ዮናስ ወደ ሰናይት አልሄደም። እንዴት ብሎ ይሄዳል? መርዶ ብቻውን የሚነግር ሰው የለም። ወደ አከራይዋ ሄደ፣ አከራይዋ ወደ እኛ መጣች። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው ብል ታፍሩብኛላችሁ፤ ግን ነገሩ በወጉ እየሄደ ነበር፣ ልክ ለገዛ ልጃችን እንደምናደርገው።

ሐጂ ከድር ሱቅ ጓዳ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ሐጂ፣ ጋሽ ማቴዎስ፣ ጥሩነሽ፣ ዮናስና እኔ። ክርክር አልነበረም። እርጉዝ ሴት መርዶ አትሰማም። «እስክትገላገል ይቆይ» አሉ ሐጂ፤ ጋሽ ማቴዎስም ተስማሙ።

ሴት ልጅ ወለደች። ጥሩነሽ ናት ያዋለደቻት ማለት ይቻላል፤ ጤና ጣቢያ እጇን ይዛት ነበር። አሁን ደግሞ አራስ ሆነች። «ወተቷ ይደርቅባታል» አለች ጥሩነሽ፤ ይቆይ ተባለ። ከዚያ ክርስትናው መጣ። ሰናይት ኦርቶዶክስ ናት፣ ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ነው። ልጅ ክርስትና ሳትነሣ ቤቱ ውስጥ ለቅሶ አይገባም ተባለ። ክርስትናው እንዳለፈ ፋሲካ ደረሰ። በዓመት በዓል ማን መርዶ ያረዳል? በዓሉ ሲያልፍ ዮናስ፣ «ከአገሯ ሰው፣ ትልቅ ሰው ሊገኝ ይገባል፤ እኔ ልጅ ነኝ» አለ። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ የአባቷ አገር ሰው እንዳሉ ሰማንና እሳቸውን ለማምጣት ቀን ቀጠርን፤ እሑድ ጠዋት፣ ከመንጋቱ በፊት።

እያንዳንዱ ይቆይ ትክክል ነበር። አንዱን ብቻ ነጥዬ «ይኸ ስህተት ነው» ልበል ብል ዛሬም አልችልም።

ያላየነው ሌላ ነገር ነው። ወሬውን ከጥሩነሽ ከሰሙበት ቀን ጀምሮ የግቢው ሴቶች መቀለድ ተዉ። የሀብቶምን ስም የሚጠራ ጠፋ። ሰናይት ወደ ቧንቧው ስትመጣ ወሬው ይቋረጣል። ጥሩነሽ፣ ያቺ ወሬኛ፣ ገንፎውን ይዛ ትገባና ሳትቀመጥ ትወጣለች። ሐጂ ሱቅ ስትሄድ የገዛችው ላይ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይጨምሩላታል፣ ቀና ብለው ግን አያይዋትም። እኔም ሹሩባ መሠራት አቆምኩ። ራሴን ጭኗ ላይ አስደግፌ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው። እኔ ራሴ የመረጥኩላት ሰፈር፣ በወሬው የመረጥኩት ሰፈር፣ ድዳ ሆነባት።

ከእሑዱ በፊት ባለው ሐሙስ ቢሮ መጣች፤ ልጅቷን አዝላለች። ጋሽ ማቴዎስ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

«እትዬ አማረች፣ የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጌ ነበር» አለችኝ።

«ለምን ጉዳይ?»

«ጎንደር ዘመድ ልጠይቅ። መንገድ ላይ እንዳያስቸግሩኝ።»

«በዚህ ልጅ? በዚህ ጊዜ?»

«ደኅና ናት እኮ። አዝያት እሄዳለሁ» አለችና ፈገግ አለች። ፊቷ ግን ከስቷል። ከአራስ ቤት የወጣች ሴት ያን ያህል አትከሳም።

ልቤ የጎንደሩን ነገር አላመነውም። ግን እሑድ ቅርብ ነው። እሑድ ከሰማች በኋላ የትም አትሄድም፣ ሁላችንም ከበናት እንቀመጣለን ብዬ አሰብኩ። «ሰኞ ነይ» አልኳት። የቀበሌ ሠራተኛ ለሕዝብ የሚናገራት፣ ሕዝቡም የሚረግምባት ቃል ናት። ጋሽ ማቴዎስ ቢሯችን ውስጥ እንዳትነገር የከለከሏትም ቃል ናት። እኔ ግን ያን ቀን በፍቅር ነው የተናገርኳት።

«ሰኞ» አለች። ልጅቷን ከፍ አድርጋ አስተካከለችና ወጣች።

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ተሰበሰብን። የአባቷ አገር ሰው መጥተዋል፣ ከዘራ የያዙ፣ የተከበሩ ሽማግሌ። ሐጂ ከነልጆቻቸው፣ ጋሽ ማቴዎስ፣ የእድሩ ሰዎች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ጥሩነሽ ግቢውን ከፈተችልን፤ ሽማግሌው የሰናይትን በር አንኳኩ። በሩ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ቧንቧው ላይ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ውስጡ ተጠርጓል፤ አልጋው ተነጥፏል፤ የልጅቷ ልብስ የለም። ጥሩነሽ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ መብራት ስላላየች ተኝታለች ብላ ነበር። ሽማግሌው፣ «መርዶ ነጋሪ ሲቀድም እንጂ ሲቀደም አላየሁም» አሉ።

ዮናስ ያልደወለበት ቦታ የለም። ስልኳ ዝግ ነው። ጋሽ ማቴዎስ ለክፍለ ከተማው አመለከቱ፤ ክፍለ ከተማው ለከተማው ጻፈ፤ ከተማው ደግሞ የስደተኞች ጉዳይ የእኛ አይደለም፣ የሚመለከተው አካል ጋ ይጠየቅ ብሎ መለሰ። ስትገባ የቀበሌ ነበረች፤ ስትጠፋ የማንም አልሆነችም። ጋሽ ማቴዎስ ደብዳቤውን አነበቡና ድምፃቸው ጨርሶ ጠፋ።

ከቀናት በኋላ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ብቻዬን ነበርኩ፤ መስኮቱ ላይ ማኅተም የሚጠብቅ ባለጉዳይ ተሰልፏል።

«እትዬ አማረች፣ ሰናይት ነኝ።»

«የት ነሽ?»

«መተማ። ነገ ሊያሻግሩን ነው። ዝም ብላ ጠፋች እንዳትሉኝ ብዬ ነው የደወልኩት።»

«ልጅቷስ?»

«ደኅና ናት። ሙቀቱ ነው እንጂ።»

«ሰናይት፣ አትሻገሪ። አገሩ እየነደደ ነው።»

«ሀብቶም እዚያ ታስሯል ያለኝ ሰው አለ። አገኘዋለሁ።»

ጋሽ ማቴዎስን ፈለግኳቸው፣ የሉም። ሽማግሌው አዲስ አበባ ተመልሰዋል። ጥሩነሽ ገበያ ናት። በጠራራ ፀሐይ፣ በስልክ፣ ብቻዬን፣ አንዱ ባለጉዳይ ማመልከቻውን በመስኮቱ እያሾለከልኝ፤ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ግን ነገ ትሻገራለች።

«ሀብቶም ሞቷል፣ እናቴ» አልኳት።

የልጅቷን ለቅሶ እሰማለሁ።

«መቼ?» አለች ኋላ።

«ሳትወልጂ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እትዬ ጥሩነሽስ?»

«እሷም።»

«ሐጂም?»

«ሁላችንም፣ ሰናይት። አራስ ነሽ ብለን ነው። በወጉ እንንገራት ብለን...»

«እኔ እኮ ሌላ ሴት አግብቷል፣ እነሱ ሰምተዋል፣ አዝነውልኝ ነው የሚሸሹኝ ብዬ ነው። ከእናንተ አፍሬ ነው የወጣሁት። እንዳልጣለኝ ላሳያችሁ ብዬ ነው።»

«ተመለሺ። ቤትሽ እንዳለ ነው። ድንኳን ይተከላል። አብረንሽ እናለቅሳለን።»

ከዚያ፣ «እናንተማ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

ደግሜ ደወልኩ፣ አይሠራም። ዛሬም አይሠራም። ዮናስ መተማ ድረስ ሄዶ ጠየቀ፤ ተሻገረች የሚልም አልተሻገረችም የሚልም አገኘ። እኔ ያን ቀን ማኅተሙን መስኮቱ ላይ ላለው ሰው መታሁለትና ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስደተኛ ብቻ ብትሆንብን ኖሮ ወሬው በመጣ ዕለት በግልጽ ይነገራት ነበር። የራሳችን ስላደረግናት አጣናት። ይህን ለወጣት ባለሙያ እንዴት አድርጌ ነው የማካፍለው? አሁን ምዝገባው በጣት አሻራ ሆኗል፣ ከተማው ራሱን የቻለ የስደተኛ ክፍል አለው፣ ጥሩ ነው። ጋሽ ማቴዎስ ግን በዚያው ዓመት ጊዜያቸው ሳይደርስ ጡረታ ጠየቁ፤ በእግር ከሰው ጋር የሚሄድም የለም።

በስልኩ ማግስት እድሩ ድንኳን ተከለ። ተመለሺ ብያታለሁና ትመለሳለች ብለን ነበር። ስትመጣ ባዶ ግቢ እንዳታገኝ። ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ሰው ይገባና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚላት ሴት በዓይኑ ይፈልጋል፤ ሲያጣ ለጥሩነሽ ይላታል። ጥሩነሽም «አሜን» ትላለች። ባጃጅ በቆመ ቁጥር ሁላችንም ወደ በሩ እንዞራለን።

በሣልስቱ ታችኛው መንገድ ላይ ሌላ ሰው ሞተና ድንኳኑ ተፈለገ። የእድሩ ጎረምሶች ሊነቅሉት መጡ። ሌላው ሰው ተነሥቶ ወንበሩን አጣጠፈ፤ ጥሩነሽ ከተቀመጠችበት አልነቃነቅ አለች። ልጆቹ አንዱን ዳር ነቀሉ፣ ሌላውን ዳር ነቀሉ፣ እሷ ያለችበት መሐሉ ብቻ ቀረ።

«ጋሼ፣ እኔ ለማን ነው ያለቀስኩት?» አለቻቸው ጋሽ ማቴዎስን። «ለእሱ ነው ለእሷ?»

ጋሽ ማቴዎስ ጎንበስ ብለው ክንዷን ያዙና፣ «ተነሺ፣ ልጆቹን አታስቁሚያቸው፤ ሬሳ እየጠበቃቸው ነው» አሏት።